ይውጣ የተባለው አርባ ሰከንድ

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ስገባ የእርማት ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ገና ከበሩ አወቅኩ። ቢሩክ ሲጽፍ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ያጋድላቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ የተጋደሉ ደብዳቤዎች ትራሴ ሥር አድርጌ ተኝቻለሁና አልሳሳትም።

ሥራችን ሠርግ ቀርጾ ዲቪዲ ማዘጋጀት ነው፤ አትላስ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ቤተሰቡ ረቂቁን ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ያያል። ከመሀላቸው አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥና ደቂቃውን እየተከተለ «ይህ ይውጣ፣ ይህ ይግባ» እያለ ይጽፋል። አክስት አፏን ሞልታ ስትጎርስ፣ ይውጣ። አጎት ሲያንቀላፋ፣ ይውጣ። እኔ ገንዘቤ ደግሞ የተጻፈውን ተከትዬ እቆርጣለሁ። እስከ ዛሬ ያስወጣሁት ሰው አንድ ቀበሌ ይሞላል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዱም አሳዝኖኝ አያውቅም።

የዚህኛው ሠርግ ሙሽራ ዲና ናት፣ የቢሩክ ታናሽ እህት። እርማቱ ሁለት ገጽ ነው። አሥራ ሦስቱን መስመር ፈገግ እያልኩ አነበብኩ። አሥራ አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«ከ1፡12፡40 እስከ 1፡13፡20። ዲና የሠራተኛዋን ጉልበት ስትስም። ይውጣ።»

ሠራተኛዋ እናቴ ናት።

ወረቀቱን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። ሠራተኛዋ! ስም የላትም እንዴ? ጥሩነሽ ትባላለች። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ከሆሳዕና መጥታ ቦሌ አቶ ገሰሰ ቤት ስትቀጠር ቢሩክ ገና አርባ ቀኑ ነበር። ያዘለችው እሷ፣ ያጎረሰችው እሷ፣ «ሀ» በል ብላ ተማሪ ቤት ያደረሰችው እሷ። እኔ ስወለድ ደግሞ አንድ ጀርባ ለሁለት ተካፈልን፤ እሱ በቀን፣ እኔ በማታ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ እስክሪብቶ አንስቶ «ሠራተኛዋ» ብሎ የጻፈው። ይህ ሰው ነው «የዲና ሠርግ ይለፍ እንጂ ለጥሩዬ ሽማግሌ እልካለሁ» እያለ ልቤን ሲያሞቀው የከረመው። ደሜ ፈላ።

ፊልሙን ከፈትኩት። ዲና ከቤት ስትወጣ በሦስት ካሜራ ነው የቀረጽናት። ዲቪዲ ላይ አንግል የሚሉት ነገር አለ፤ ሪሞቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ካሜራው ይቀየራል፣ ያንኑ ቅጽበት ከሌላ ቦታ ታዩታላችሁ። ሦስቱ ምስሎች እኩል መርዘም አለባቸው፤ በቅንጣት ቢበላለጡ ዲስኩ አይቀበላቸውም። ስለዚህ የእናቴ አርባ ሰከንድ ሦስት ጊዜ አርባ ሰከንድ ነው። ሦስቱንም አየኋቸው።

ሁለተኛው ካሜራ ከዲና ኋላ ነበር። የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ የእናቷን ሳመች፣ የአክስቶቿን ሳመች። ከዚያ ሰልፉን ጥላ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ጓሮ ሄደች። እናቴ ድስቶቹ አጠገብ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ቬሎሽ ይቆሽሻል!» ስትል ይሰማል። ዲና ግን ተንበረከከች።

አንደኛው ካሜራ እትዬ ሙሉመቤት ላይ ነበር፣ የሙሽራዋ እናት ላይ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ ይታያል።

ሦስተኛው ከሰገነቱ ላይ ግቢውን ሁሉ ያሳያል። ቢሩክ መሀል ላይ አለ። እህቱ ስትንበረከክ አየ። ወዲያው ዞሮ እናቱን አየ። የእናቱ ፊት መጥቆሩን አየ። ከዚያ ሞባይሉን አወጣና ማንም ያልደወለለትን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። ይህንን እየመለስኩ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። የወደድኩት ሰው ጀርባ እንዲህ ጠባብ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ኃይለኪሮስ በጀርባዬ መጥተው አንድ የታሸገ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይሄም ከወረቀቱ ጋር ነበር፤ ላንቺ ነው» አሉኝና ፊቴን ሲያዩ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ተመለሱ።

«ገንዜዬ፣

ወረቀቱን እማዬ እያለችኝ ነው የጻፍኩት፤ አትቆጪ። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፣ አንድ ዲስክ ላይ ሁለት መንገድ ይኖራል፣ መጋጠሚያው አይታይም ብለሽ። እንግዳ የሚያየው መንገድ እማዬ እንዳለችው ይሁን። በሌላኛው ላይ ጥሩዬ ትኑር። የትኛው ቁልፍ እንደሚከፍተው ለእኔና ለዲና ብቻ ንገሪን። ማንም አይከፋውም፣ ማንም አይጎዳም። እሑድ ቪዲዮውን ሊያይ ሰው ይመጣል፤ እሱ ይለፍና የእኛን ነገር እነግራታለሁ። እወድሻለሁ።

ቢሩክ»

እውነት ነው፣ አስተምሬዋለሁ። ስቱዲዮአችን የሚታወቀው በዚሁ ነው። አንድ ዲስክ፣ ሁለት ፊልም፤ የአራት ሰዓቱ ለቤተሰብ፣ የሁለት ሰዓቱ ለእንግዳ። አብዛኛውን ምስል ይጋራሉ፤ መለያያቸው ላይ ሲደርስ ማጫወቻው ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሳይቆምና ሳይንተባተብ። ይህን ለመቻል ስንት ዲስክ እንዳበላሸሁ የአትላስ ታክሲ ሾፌሮች ያውቃሉ፤ የመኪናቸው መስታወት ላይ የሰቀሉት የኔን ውድቀት ነው። የለፋሁበትን ጥበብ ነው እንግዲህ ቢሩክ እናቴን መደበቂያ እንዳደርገው የጠየቀኝ። በ«እወድሻለሁ» አሽጎ!

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ከሕንፃችን ሥር ያለው ጁስ ቤት ተገናኘን። ቀድሞኝ ደርሶ የምወደውን አቮካዶ አዝዞልኛል። አልነካሁትም።

«ደብዳቤውን አነበብሽው?»

«ሁለቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ይሄ ፊት? ጥሩዬን እኮ አላስወጣኋትም።»

«ደበቅካት።»

«ገንዜ፣ እማዬን ታውቂያታለሽ። አማቾቻችን ፊት አፈርኩ ብላ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም። ደም ግፊት አለባት።»

«የኔ እናትስ? እሷ ደም የላትም?»

ከጎናችን የተቀመጡት ሁለት ልጆች ጁሳቸውን መምጠጥ ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ይዙሩ አልኩ በልቤ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ነው ያወራሁት።

«ስማኝ ቢሩክ። ባለ ሁለት መንገድ ዲስክ ሲጫወት ተመልካቹ የሚያየው አንዱን ነው። ሌላው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ደግሞ ጎበዝ ሰው ከሠራው መጋጠሚያው ፈጽሞ አይታይም። አንተ እንደዚያ ነህ። ቦሌ ስመጣ ‹የጥሩዬ ልጅ መጣች› ትላለህ፣ ወንበር እንኳ አትስብልኝም። አትላስ ስትመጣ ‹ሕይወቴ› ትለኛለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም አልተደናቀፍክም። እኔ ይሄን ለመልመድ ስንት ዲስክ አቃጠልኩ፤ አንተ ሳትማር ቻልከው!»

«እንደሱ አይደለም...»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። ይኼው ነው የምትኖረው።»

ዓይኖቹ ውኃ ሞሉ። ቢሩክ ዓይኑ ሲሞላ የስድስት ዓመት ልጅ ይመስላል፤ ያኔ ስንጫወት ወድቆ፣ ላለማልቀስ ከንፈሩን ነክሶ፣ እኔን የሚያየኝ ቢሩክ። እጄ ወደ እጁ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ይሄ እጅ ስንቴ ነው ያታለለኝ?

«ምን ላድርግ? በይኝ፣ አደርጋለሁ።»

«አልልህም። እኔ ሁለት ዲስክ እሠራለሁ። አንዱ ላይ እናቴ አለች፣ ሌላው ላይ የለችም። እያንዳንዳቸው መንገዳቸው አንድ ነው፣ የተደበቀ ቁልፍ የላቸውም። ‹ሙሉ› እና ‹የተቆረጠ› ብዬ እጽፍባቸዋለሁ። መጥተህ፣ ፈርመህ፣ ሁለቱንም ትወስዳለህ። እሑድ አንዱን ታጫውታለህ።»

«ሁለቱንም ባላጫውትስ?»

«እሱም ምርጫ ነው።»

ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተከትሎኝ በመጣ እያልኩ እመኛለሁ፣ ቢመጣ ደግሞ ልገፈትረው ተዘጋጅቻለሁ። አልመጣም። ባለመምጣቱም ተናደድኩ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጎሮ ቤታችን ስገባ እናቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ይህችን አንድ ክፍል የተከራየኋት ሥራ እንደያዝኩ ነው፤ እናቴ የሰው ግቢ ሰርቪስ ውስጥ እንድታረጅ አልፈለግኩም። ሥራውን ግን ተዪ ብዬ ብለምናት እምቢ አለች። በየማለዳው ታክሲ ተጋፍታ ቦሌ ትሄዳለች፤ «ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?» ትላለች። ከልጆቹ አንዱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዷ አግብታ ወጥታለች።

ልነግራት አላሰብኩም ነበር፤ አፌ አመለጠኝ። አሥራ አራተኛውን መስመር ቃል በቃል ነገርኳት።

«አውጪዋ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሥራሽ አይደል? የሰው ሠርግ ነው።»

«እማ፣ ይውጣ የተባልሽው አንቺ እኮ ነሽ!»

«ሰማሁ። እትዬ ናቸው ያሉት?»

«ያሉት እሳቸው ናቸው። የጻፈው ግን ቢሩክ ነው።»

ቢላዋው ቆመ። «ቢሩኬ?»

«በገዛ እጁ።»

እናቴ ስትቆጣ አትጮህም። እጇን ትጠርጋለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጀመረች።

«እትዬ ቢያስወጡኝ አሠሪዬ ናቸው። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ሠርጉ የሳቸው ነው። እሱን ግን አዝዬዋለሁ። ኩፍኝ የያዘው ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ከጀርባዬ አልወረደም። ሲያወርዱት ያለቅስ ነበር» አለች። «እኔን ለማስወጣት እሱ ነው የሚጽፈው?»

ከዚያ «አሳዪኝ እስቲ» አለችኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ሁለተኛውን ካሜራ አጫወትኩላት። ራሷን የምታይ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከዲና አልነቀለችም፤ አልቆም ያለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አየች።

«ለካ እያለቀሰች ነበር» አለች። «እኔ ከላይ ሆኜ አናቷን ብቻ ነው ያየሁት። ስቃ የተነሳች መስሎኝ ነበር።»

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ግን እንዲህ የምትንገበገቢው ለኔ ብቻ ነው?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ትራሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ገንዘቤ። ደብዳቤ ትራስ ሥር ይደበቃል?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ ይናገር ብዬ ስጠብቅ ነዋ!»

እንዲህ ስትል ነው እሷም ሦስት ዓመት የጠበቀች መሆኗ የገባኝ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ሁለታችንም ያንኑ ሰው ስንጠብቅ፣ ሳንነጋገር። ከዚያ በኋላ የነበረኝ ንዴት የኔ ብቻ አልነበረም።

እሑድ ከቀትር በኋላ የእነ ቢሩክ ሳሎን ሠላሳ ያህል ሰው ያዘ። የሙሽራው ወገን ከፊት፣ ዲናና ባሏ መሀል ሶፋው ላይ፣ እትዬ ሙሉመቤት በሀበሻ ቀሚስ ደምቀው ከሙሽራው እናት ጎን። እኔ ፕሮጀክተሩንና ማጫወቻውን ለመትከል በስቱዲዮው ስም ሄጃለሁ። እናቴ ደግሞ ለስላሳና ብርጭቆ በትሪ ይዛ ሰው ለሰው ትዞራለች። እኔ «ቅሪ» ብያት ነበር። «ሸሸች አይሉኝም» አለችኝ።

ቢሩክ ዲስኩን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። እጄን ዘረጋሁለት።

«እኔ ላስገባው» አለኝ፤ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ፣ የተጻፈበትን በመዳፉ ሸፍኖ አስገባው። የትኛው እንደሆነ አላየሁም። ዓይኑን ፈለግኩት፣ አልሰጠኝም።

አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ! ሙሽራ ስትኳል አየሁ፣ ሚዜዎች ሲጨፍሩ አየሁ፣ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ዓይኔ ግን ማጫወቻው ላይ ያለው ቁጥር ላይ ተተክሏል። ያን ሁሉ ደቂቃ በልቤ ስሰድበው ቆየሁ። ቆርጠሃታል፣ አንተ ፈሪ። ቆርጠሃታል፣ አውቄሃለሁ። መውደዴን ግን በዚያው ልክ ነበር የማውቀው፤ ንዴቴን ያባሰውም እሱ ነው።

1፡12፡38። 39። 40።

ዲና ቬሎዋን ሰብስባ ወደ ጓሮ ሄደች። «ተይ ልጄ፣ ተይ» የሚለው የእናቴ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ከሙሽራው ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ «እሰይ! ያሳደገ እንዲህ ይከበራል እንጂ!» አሉ። ዲና ሶፋው ላይ አፏን በእጇ ያዘች።

እትዬ ሙሉመቤት ብድግ አሉ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አረፈ።

«ማነው ይሄን ያስገባው?» ጣታቸው እኔ ላይ ቀረ። «አንቺ! ይውጣ አልተባልሽም? ብናሳድግሽ እጅሽን መልሰሽ ዓይናችን ውስጥ ከተትሽው?»

አፌን ስከፍት ቢሩክ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ዲስኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይውጣ ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ስጽፍ እጄ እምቢ አለማለቱ ያሳፍረኛል።» ወደ እናቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሌላም አለ። ገንዘቤን እወዳታለሁ። ሦስት ዓመት ሆነን። ላገባት ነው።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ! በታክሲ ውስጥ አልሜዋለሁ፣ ዲስክ ሲቃጠል እየጠበቅኩ አልሜዋለሁ። በሕልሜ ውስጥ ሁልጊዜ አለቅስና አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ። አሁን ግን ቆሜ ያየሁት ሌላ ነው። ቢሩክ የሚናገረው ለእናቱ ነው። የሚለምነው የእናቱን ፊት ነው። የኔ እናት ከኋላው ትሪ ተሸክማ ቆማለች፣ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ እሱ ዞሮ አላያትም። ልጇን ላገባ ነው ሲል የልጅቷ እናት እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለች ትዝ አላለውም። የዓመታት ልማድ እንዲህ ነው።

«ቢሩክ!» ብዬ ጮህኩ። «ዙር! ወደ ኋላህ ዙር!»

ዞረ። እናቴን አያት። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐፍረት ምንም ዲስክ አይችለውም።

እናቴ ትሪውን እትዬ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ትሪው ጎን አኖረችው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ከዚያ ወደ እሱ። «ቢሩኬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ሳህን የማነሳ ሰው ነኝ። አላፍርበትም። የልጄን ነገር ግን ሳህን ተሸክሜ አልሰማም። ልጄ ደጅ የወደቀች ዕቃ አይደለችም፣ ‹አገኘኋት፣ ወሰድኳት› የምትባል። የምትፈልጋት ከሆነ ቤቴ ጎሮ ነው። ሽማግሌ ይዘህ ትመጣለህ። በሬን አንኳኩተህ ትጠይቀኛለህ። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የኔ ነው።»

ቢሩክ «እሺ፣ ጥሩዬ» አላት። ዲና ተነስታ ትሪውን አነሳችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ እንግዶቹን ራሷ ማስተናገድ ጀመረች። እኔ ፊልሙን ሳላቆም፣ ሽቦውን ሳልነቅል፣ የእናቴን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ገርጂን እስክናልፍ በመስኮቱ እያየች ጣቶቿን አንድ በአንድ ትጠርጋለች። እኔም ውስጤ እየነደደ ነበር፤ በእትዬ፣ በቢሩክ፣ በሦስት ዓመት ዝምታችን። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን እንደምናደድ ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ።

«ሽማግሌ ስንት ሆኖ ነው የሚመጣው?» አለችኝ ድንገት።

«ሦስት መሰለኝ።»

«ወንበራችን ሁለት ነው» አለች፣ ሌላ ሰው የሰረቃት ይመስል ተቆጥታ።

«ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፣ እማ። ወንበር ምን ያደርግለታል?» አልኳት እኔም ተቆጥቼ።

«እሺ ስንላቸውስ?» ዓይኗን አፍጥጣ ዞረችብኝ። «እሺ ስንላቸው ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?»

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ፣ ታክሲ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የያዝኩትን ለቅሶ ለቀቅኩት።